ዱቄት አትላኪ፣ ድንጋዩን ላኪ

ሰላም እህቴ። «ከሊማሊሞ ያመጣኋቸውን 10 የባዛልት ናሙናዎች ለስትሮንቲየም፣ ለኒዮዲሚየምና ለእርሳስ አይሶቶፕ ውጭ ልልክ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ አስፈጭቼ ልላካቸው ወይስ እንዳሉ?» ብለሽ ለጠየቅሽው መልሴ አንድ ነው፦ እንዳሉ ላኪያቸው። ማንም መፍጫ አይንካቸው። (ለማያውቅ፦ ባዛልት ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አይሶቶፕ ደግሞ የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች ናቸው፣ ምጥጥናቸው ላቫው ከምን እንደመጣ ይጠቁማል።)

እኔ የማስተርስ ጽሑፌን ስሠራ ከሊማሊሞና ከላሊበላ በኩል 12 ናሙና ሰብስቤ በአውቶቡስ አራት ኪሎ ድረስ ተሸክሜ መጣሁ። ዱቄት ይቀላል፣ የመላኪያ ገንዘብም ይቆጥባል ብዬ መሀል ከተማ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ አስፈጨኋቸው። ሠራተኛው መፍጫውን በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ጀመረ። ከእኔ በፊት ምን ተፈጭቶበት እንደነበር አልጠየቅሁም። የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ስትሮንቲየሙም ኒዮዲሚየሙም ጥሩ ነበር። የእርሳሱን ግራፍ ሳወጣ 12ቱም ነጥቦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰለፉ። በጣም ደስ አለኝ! ላቫው ሲወጣ የቀለጠ አሮጌ የአህጉር ቅርፊት ደባልቋል፣ ይኸው ማስረጃው ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። በኋላ አንዲት የውጭ ተመራማሪ «በምን ነው የፈጨኸው?» ስትለኝ ነው ሆዴ የራደው። የሁለት ድንጋይ ድብልቅም የድንጋይና የመፍጫ ድብልቅም ግራፉ ላይ ያው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ባዛልት በኪሎ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም እርሳስ ብቻ ነው ያለው፤ መፍጫው ላይ የቀረ ትንሽ ብናኝ ይውጠዋል። ኒዮዲሚየሙ የተረፈው ባዛልት ውስጥ ብዙ ስላለና የእርሳስ ማዕድን ግን ያን ያህል ስለሌለው ነው።

ይኼ ለኛ ባዛልት የበለጠ ይጎዳል። ይህ ላቫ በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ያሉት ታይታኒየማቸው ዝቅተኛ የሆኑት የቅርፊት ምልክት ይታይባቸዋል፤ ወደ ላሊበላ ያሉት ታይታኒየማቸው እጅግ ከፍተኛ የሆኑት ደግሞ ከምድር ጥልቅ ከሚነሳው ትኩስ የድንጋይ ዓምድ ጋር ይያያዛሉ። ይህን ልዩነት ከሚለዩልሽ አንዱ እርሳስ ነው። እሱን ካበላሸሽ ጥያቄሽ ራሱ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ፦

1. ድንጋዩን በመዶሻ ስበሪና የውስጡን ቁራጭ ብቻ በአጉሊ መነጽር ምረጪ። የዛገ ልባጥ፣ የመጋዝ ፈለግ፣ የማርከር ቀለም፣ መዶሻው የነካው ቦታ ሁሉ ይወገድ። የሊማሊሞ ባዛልት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር ይሞላዋል፤ ዜኦላይትና ካልሳይት ነው፣ ስትሮንቲየሙን የሚያሳስትሽ እሱ ነው። እኔ አንዱን ናሙና ለመልቀም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ አልቆጭም።

2. ቤተ ሙከራው ቁራጩን በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥቦ እንዲለካልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሩቢዲየም፣ የዩራኒየምና የመሳሰሉት መጠን ግን ካልታጠበው ይለካ፤ አለበለዚያ በ30 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ሩቢዲየም ወደ ስትሮንቲየም፣ ዩራኒየም ወደ እርሳስ ስለሚቀየር የሚደረገው እርማት ይዛባል።

3. ድንጋዩን ከአገር ለማስወጣት የምትይዥው ደብዳቤ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አንድ መሥሪያ ቤት «የማዕድን ናሙና» የሚል ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወርቅ እንደሌለበት በምን እናውቃለን?» አለና ወረቀቱን ገፋልኝ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮሪደር ላይ አስቁመው «ነገ ና» አሉኝ። ተማሪ እንደ ሌባ መታየት የለበትም፣ ዛሬም ያናድደኛል። በመጨረሻ አማካሪዬ «ለምርምር ብቻ የሚውል፣ የንግድ ዋጋ የሌለው የባዛልት ድንጋይ» ብለው የእያንዳንዱን ናሙና ቁጥርና ክብደት ዘርዝረው ጻፉልኝና በዚያው ቀን አለፈ። አንቺ ከመጀመሪያው እንዲህ አጽፊ። ነጭ ከረጢት ውስጥ ካለ ጥቁር ዱቄት ይልቅ ድንጋይ ሲያዩ ጥርጣሬያቸውም ይቀንሳል።

እኔን ያዳነኝ ከእያንዳንዱ ናሙና የቡጢ ያህል ቁራጭ ቤት አስቀምጬ መሆኑ ነው። ስድስቱን እንደ ድንጋይ መልሼ ላክሁ፣ ከኪሴ ከፈልኩ። ያ ቀጥ ያለ መስመር ጠፋ፤ የላሊበላዎቹ ለብቻቸው፣ የሊማሊሞዎቹ ለብቻቸው ተለያይተው ቁጭ አሉ። ያን ምዕራፍ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፣ የምኮራበትም እሱ ነው።

አንቺም ግማሹን እቤትሽ ሳታስቀሪ አንድም ድንጋይ እንዳትልኪ። የደብዳቤውን ቅጂ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።