አንገቱ ወደ ቀኝ ለዞረው ወንድምሽ

እህቴ፣ የወንድምሽ አንገት ከአምስት ወር ወዲህ ወደ ቀኝ እየዞረ አልመለስ እንዳለ፣ ኤምአርአዩም ምንም እንዳላሳየ ጽፈሽ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብለሻል። አንጀቴን በላሽው። የኔም እንዲሁ ነው የጀመረው።

መጀመሪያ ብርድ ነው ብዬ በቅባት ታሸሁ። ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። አንገቴን ይዞ ቀጭ ሲያደርገው ዓይኔ ጨለመ፤ ሳምንት ሙሉ ትራስ ላይ መተኛት አቃተኝ። እባክሽ እዚያ አትውሰጂው። አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

ታክሲ ውስጥ ወደ ፊት ማየት ሲያቅተኝ አንድ ጣቴን አገጬ ላይ አሳርፍ ነበር። ሳልገፋው፣ ስነካው ብቻ አንገቴ ይቃናል። ጣቴን ሳነሳ መልሶ ይዞራል። ታስመስላለች እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። የነርቭ ሐኪሟ ግን ገና ሳልነግራት «ስትነኪው ይመለሳል?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ለካ ዲስቶኒያ የሚባለው፣ ጡንቻ ያለ ፈቃድ እየተሳበ አካልን የሚያጣምምበት ሕመም የታወቀ ምልክት ነው!

እንደገባኝ፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ትእዛዙን ያዛባል። ማረፍ ያለበት ጡንቻ ከሌላው ጋር አብሮ ይሳባል። ጡንቻውን ብቻ ማሸት ያልረዳኝ ለዚህ ነው። ኤምአርአይም ብዙ ጊዜ ንጹህ ይሆናል።

መንስኤው በአዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የእኔም አልተገኘም። በዘር የሚመጣም አለ። የወሰደው መድኃኒት አምጥቶት እንደሆነ ግን አደራ ጠይቁ። ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላዚል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሙን ሳታማክሩ ግን አታቋርጡ። ወንድምሽ ወጣት ከሆነ ዊልሰን የሚባለውን በሽታም እንዲመረምሩት ጠይቂ። መዳብ ጉበትና አንጎል ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው፤ ሕክምና ስላለው ሳይታይ ማለፍ የለበትም። መንጋጋው ከተቆለፈ ወይም መተንፈስ ከከበደው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እኔን የረዳኝ ጡንቻን የሚያላላው የቦቶክስ መርፌ ነው። የሚሳቡት ጡንቻዎች ላይ ይወጋል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይሠራል፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ይለቅና እንደገና እወጋለሁ። ከሥሩ አያድንም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ግን ዛሬ መንገድ ስሻገር ግራ ቀኝ አያለሁ።

ለቀጠሮው ሲራመድ፣ ሲበላና አገጩን ሲነካ በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪም ፊት አንዳንዴ አልዞር ይላል። የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።