ተረት ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አእምሮዬ እየተዳከመ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት መምህርት ነኝ። ከስምንት ወር ወዲህ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስለ ጥንት ሰዎች የዕለት ኑሮ በለሆሳስ የሚተረክ ታሪክ በስልኬ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰሞኑን የምሰማው በጥንቷ ግብፅ የነገሥታት መቃብር ይሠሩ ስለነበሩ ሰዎች መንደር ነው። እንቅልፉ ቶሎ ይወስደኛል፤ ነገር ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና አንድ ሰዓት ያህል ስገላበጥ ቆይቼ እንደገና እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። እነዚያ ሰዎች ሐሳብ ሳይኖርባቸው እስኪነጋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይተኙ ነበር፤ እኔን ምን ነካኝ? ከእህቴ ዳያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ኪኒን እየቆረስኩ መዋጥ ከጀመርኩ አራት ወር አልፎኛል። አሁን ደግሞ የተማሪዎቼን ስም እረሳለሁ። እናቴ ያረፈችው በመርሳት በሽታ ነው። ተረቱ ሱስ ሆኖብኝ አእምሮዬን እየጎዳው ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ እናትዎ የጻፉትን አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የወላጁ አእምሮ ቀስ በቀስ ሲከዳው አጠገቡ ሆኖ ያየ ልጅ፣ አንድ ስም በጠፋው ቁጥር «የእኔም ጀመረ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ አስቀድሜ ቁርጡን ልንገርዎ፤ ከመኝታ በፊት ጸጥ ያለ ታሪክ መስማት አእምሮን አይጎዳም፣ የመርሳት በሽታም አያመጣም። ዝንጋታዎን በተመለከተ ግን ጥርጣሬዬ በሚቆርሱት ኪኒን ላይ ነው።

ተረቱ የሚረዳዎት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ጋደም ሲል ቀን በሥራ የተጋረደው ሐሳብ ሁሉ ይመጣል፤ «አታስብ» ቢሉትም ይብስበታል። ሐሳቡ የሚለቀው ሌላ ነገር ቦታውን ሲይዝበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ እንቅልፍ የሚቸግራቸው ሰዎች የሚያረጋጋ ትዕይንት በዓይነ ኅሊናቸው እንዲስሉ ሲደረግ ምንም ካልተነገራቸው ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንዲት ሴት በድንጋይ ወፍጮ እህል ስትፈጭ፣ ውሃ የጫኑ አህዮች ከሸለቆው ወደ መንደሩ ሲወጡ፣ ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ የሚተርክ ድምፅ ይህንኑ ነው የሚያደርግልዎ፤ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ስለሌለውም መጨረሻውን ለመስማት ብለው ነቅተው አይጠብቁትም። ልምድ ሆኖብዎታል፤ ሱስ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ልምጣ፤ ብዙ ታካሚዎቼን ያለ በሽታቸው በሽተኛ ያደረጋቸው እምነት ይህ ነውና ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ጤነኛ ሰው ራሱን ትራስ ላይ ካሳረፈ ጀምሮ እስኪነጋ አይነቃም የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። እንቅልፍ በግምት በየ90 ደቂቃው የሚታደስ ዑደት ስላለው ሁላችንም በአንድ ሌሊት ደጋግመን እንነቃለን፤ አብዛኛውን ግን ጠዋት አናስታውሰውም። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ንቃቱ ይበዛል፣ ይረዝማልም። የታሪክ ምሁሩ ሮጀር ኤከርች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የነበሩ አውሮፓውያን ስለ «መጀመሪያ እንቅልፍ» እና ስለ «ሁለተኛ እንቅልፍ» እንደ ተራ ነገር ይጽፉ እንደነበር፣ በመካከሉም ተነሥተው ይጸልዩና ይጨዋወቱ እንደነበር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቶማስ ዌር የተባሉ ሐኪም ጤነኛ ሰዎችን በየቀኑ 14 ሰዓት በጨለማ ሲያቆዩአቸው፣ ከሳምንታት በኋላ እንቅልፋቸው ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ የተረጋጋ ንቃት መጣ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ ያለ ኤሌክትሪክ መብራት በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ላይ የወጣ ጥናት፣ ሰዎቹ በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ያህል ብቻ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ሳያቋርጡ እንደሚተኙ ገልጿል። የሰው ልጅ አንድ ዓይነት ሌሊት ብቻ ኖሮት አያውቅም። በአገራችንም መነኮሳቱ ለሌሊት ጸሎት፣ ሙስሊሙ ለተሃጁድ ሲነሣ፣ አያቶቻችንም ዶሮ ሲጮህ ሲነቁ ማንም «ታመዋል» አላላቸውም።

ደግሞስ እነዚያ የግብፅ ሰዎች ሐሳብ አልነበረባቸውም ያለዎት ማን ነው? የሚሰሙት መንደር ዛሬ ዴር ኤል መዲና የሚባለው፣ ከሉክሶር ማዶ በናይል ምዕራብ ያለው መሆን አለበት። በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥ ዓመት የተጻፈ የሠራተኞች መቆጣጠሪያ እስከ ዛሬ አለ፤ አንዱ ጊንጥ ነድፎት፣ ሌላው ዓይኑን ታሞ፣ ሌላው ቢራ ሊጠምቅ ከሥራ መቅረቱ ተመዝግቦበታል። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት ደግሞ ደመወዛቸው የሆነው እህል ሲዘገይባቸው ሥራ አቁመው ወጥተዋል። የልጆቹ ቀለብ የዘገየበት አባት በዚያች ሌሊት እንዴት እንደተኛ እርስዎም እኔም መገመት አያቅተንም። የዚያው መንደር ጸሐፊ የነበረው ቄንሔርኸፔሸፍ ከድንጋይ የተጠረበ የራስ ማሳረፊያ ነበረው፤ በደቡብ ያሉ አርብቶ አደሮቻችን ከሚተኙበት በርኩማ ጋር ይመሳሰላል። በጎኑ ላይ ጦርና እባብ የያዙ አስፈሪ ፍጡራን ተቀርጸውበታል፤ ሥራቸው የተኛውን ሰው ከሌሊት ክፉ መንፈስ መጠበቅ ነበር። ይኸው ሰው የሕልም መፍቻ መጽሐፍም ነበረው። ሌሊትን የማይፈራ ሰው እንዲህ ያለ ትራስ አያሠራም። እርስዎ ከምሽቱ አራት እስከ ዘጠኝ አምስት ሰዓት፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደግሞ ሁለት ሰዓት ይተኛሉ፤ ድምሩ ሰባት ነው፣ ለዕድሜዎም በቂ ነው።

ስለ ዳያዜፓሙ ግን ለስለስ ብዬ ልናገር አልችልም። መምህርት ነዎት፤ አንድ ተማሪ የጎረቤቱን መልስ ገልብጦ ቢያመጣልዎ አይቀበሉትም፤ ታዲያ ለእህትዎ የታዘዘውን መድኃኒት ያለ ሐኪም አራት ወር ሙሉ ሲውጡ እንዴት አላስጨነቀዎትም? ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ እሱና ከእሱ የሚፈጠረው ውህድ ለቀናት ይቆያሉ፤ ስለዚህ ማታ የዋጡት ኪኒን በማግስቱ ክፍል ውስጥም አብሮዎት አለ። ትኩረትን ያፈዝዛል፣ አዲስ ነገር መያዝን ያዳክማል፣ ሌሊት ሲነሡ ይጥላል። ከአልኮል ወይም ከብርቱ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። የእናትዎን በሽታ ፈርተው የወሰዱት ኪኒን ያንኑ በሽታ የሚመስል ዝንጋታ አምጥቶብዎት ሊሆን ይችላል። ይህን አንብበው ግን ዛሬ ማታ በድንገት እንዳያቋርጡት አጥብቄ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ ከአራት ወር በኋላ በአንድ ጊዜ መተው ብርቱ መረበሽ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በዚህ ሳምንት ውስጥ ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ለወር አያሳድሩት። በዚህ መንገድ የሚመጣ ዝንጋታ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲወጣ ይሻሻላል፤ ባይሻሻል እንኳ ሐኪምዎ የማስታወስ ችሎታዎን በአግባቡ ይመረምራል።

እስከዚያው ተረቱን ይቀጥሉ። ይሁን እንጂ ስልኩ ከ30 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲዘጋ ያድርጉ፤ አንዱ ታሪክ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ ሌሊቱን ሙሉ ሲተርክ የሚያድር ከሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስዎ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። የጆሮ ማዳመጫውን ትተው ስልኩን ከአልጋው ራቅ አድርገው በፊቱ ይድፉት። ሲነቁ ሰዓት አይመልከቱ፤ እንቅልፉ እምቢ ካለ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፣ ሲያንጎላጅዎ ብቻ ይመለሱ። ጠዋት የሚነሡበት ሰዓት ቅዳሜና እሑድም አይለወጥ። ቡናውን እስከ በረካ የሚጠጡት ከሰዓት በኋላ ከሆነ ወደ ጠዋት ያዛውሩት። በዕድሜዎ የወር አበባ መቋረጥ የሚያመጣው ሙቀትና ላብ ሌሊት የሚያስነሣዎት ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሕክምና አለው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ ሦስት ወር ከዘለቀ፣ የመጀመሪያው ምርጫ የእንቅልፍ ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለንን ሐሳብ የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና ነው፤ ኪኒን ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ባለቤት ካለዎት ወደ ሐኪሙ አብረው ይሂዱ። ሲተኙ ያንኮራፉ እንደሆነ፣ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ እንደታነቀ ሰው ትንፋሽዎን ስበው ይባንኑ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ደግሞ ዳያዜፓም ትንፋሹን የባሰ ስለሚያፍነው፣ ለሐኪሙ መነገር ያለበት ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ነው።