የገና ደብዳቤዎች፦ ከሪያድ፣ ከቅርጫ፣ ከሐዘን ቤት

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ቀለማቸው ይቀየራል። ዘንድሮ የብዙዎቹ ጭብጥ ያው ነው፤ በዓሉ መጣ፣ ደስታው ግን የታለ? እኔ ደስታን እንደ ስሜት ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው የሚያደክመን ባይ ነኝ። ከደብዳቤዎቹ የተወሰኑትን አሳጥሬ ላቅርብ።

«ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ገና ሥራ ላይ ያገኘኛል። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ነጠላ ለብሼ መውጣትም አልችልም። እናቴ ስትደውል ከኋላዋ ሽንኩርቱ ሲቁላላ እየሰማሁ አለቅሳለሁ። ይሄም በዓል ነው?»

ነው፣ እህቴ። የመጀመሪያውን ገና ያከበሩት እኮ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ገልጠሽ እይው። እረኞቹ ሌሊት መንጋቸውን እየጠበቁ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር የሌሊት ተረኞች። መልአኩ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ ብሎ የምሥራቹን የነገራቸው ለእነሱ ነው። ፈቃድ አልወጡም፣ ነጭ አልለበሱም። ሕፃኑን አይተው ሲያበቁም ወደ ሥራቸው ነው የተመለሱት፤ እያመሰገኑ።

ይሄን የምልሽ ብሶትሽን ላቃልል ብዬ አይደለም። እረኞቹ ቢያንስ እርስ በርሳቸው ነበሩ፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ። እንግዲያው ብቻሽን አታሳልፊው። እዚያው ከተማ ካለች አንዲት የአገርሽ ልጅ ጋር ከአሁኑ ተቀጣጠሪ። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ የሌሊቱን ቅዳሴ በስልክ በቀጥታ መከታተል ትችላላችሁ፤ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ ድምፁን ቀንሺ። ሌሊቱ ካልሆነ ጠዋት የላሊበላውን እዩ። ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው አለት ላይና ከሥር ሆነው እየተቀባበሉ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ማየት ብቻውን ዓመት ያስችላል። ጓደኛሽ ጴንጤ ከሆነች ደግሞ ሉቃስን አብራችሁ አንብቡ፤ በዚህ የሚጣላ የለም።

ጾመሽ ከሆነ የምትፈቺበትን ነገር ቀደም ብለሽ ያዢ። አንድ እንቁላልም ይሁን። ግን ቁጭ ብለሽ ብዪ እንጂ እቃ እያጠብሽ አይሁን። አሠሪዎችሽን የሚያስቆጣ፣ አንቺን ችግር ላይ የሚጥል ነገር አታድርጊ፤ ማተብሽ ልብስሽ ውስጥ ቢሆንም ማተብ ነው። እናትሽን ደግሞ «ስልኩን ከድስቱ ራቅ አድርጊው» በያት።

«ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ዋለ። ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም? ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል።»

ይበላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም አይጾምም። ማክሰኞ ማታ ድስቱን ከፈት እያደረጉ «ጨው ልይ» ማለት ግን አያዋጣም፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ጾሙ አልተፈታም። እግረ መንገዴን፦ «በ28 ነው በ29?» የሚለው ክርክር የሚነሳው በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ነው። 2016 እንደዚያ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። እስከዚያ ተስማምታችሁ ብሉ።

«ሰፈራችን ለገና በሬ ሊጥል ነው። አንድ መደብ ለመግባት መበደር ሊኖርብኝ ነው። ካልገባሁ ልጆቼ የጎረቤት ወጥ ሲያሸቱ ሊውሉ ነው።» (አዲስ አበባ)

አይበደሩ፣ ወንድሜ። የገና ሥጋ ሦስት ቀን ይበላል፤ ዕዳው ጥርንም የካቲትንም ይበላል። ለቅርጫው ሰብሳቢ «ዘንድሮ አለፈኝ» ይበሉት፣ ምክንያት አይደርድሩ። ወይም ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ መደብ ለሁለት ግቡ፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ፣ አያወራውም እንጂ።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ወደ መቅደስ ሲወጡ ሕጉ የሚጠይቀው የአንድ ዓመት ጠቦት ነበር። ጠቦት ለመግዛት አቅም ለሌለው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ተፈቅዶለታል። ሉቃስ የጻፈው የርግቦቹን ነው። ጠቦት የለም። የጌታ ቤተሰብ በዝቅተኛው ታሪፍ ነው የገባው፣ ወንጌላዊውም አልደበቀውም።

ሙሉ መደብ የገባችሁ ግን ይህችን ደብዳቤ ደግማችሁ አንብቧት። ዘንድሮ ያልገባው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳህኑን ይዞ የሚሄደው ልጅ «እማዬ ቅመሱልኝ ብላለች» ብሎ ይስጥ፤ ሌላ ቃል አይጨምር። ለእርዳታ የመጣ ሳህን ያሳፍራል። «ቅመሱልኝ» የተባለ ሳህን ግን ባዶውን አይመለስም፣ ቆሎም ቢሆን ተደርጎበት ይመጣል።

«አባታችን ጥቅምት መጨረሻ ላይ አረፈ። እናቴ ዘንድሮ ቤቴ ቄጤማ አይጎዘጎዝም አለች። እህቶቼ ለልጆቹ ሲባል በዓሉ ይደረግ ይላሉ። ማንን ልስማ?» (ደሴ)

እናትህን። ቤቱ የእሷ ነው፣ ሐዘኑም በመጀመሪያ የእሷ ነው። ሰው በዓል ሲመጣ ሐዘንተኛ ፊቱን እንዲያበራ ይገፋፋል፤ ክርስትናም ይህን የሚያዝ ይመስለዋል። አያዝም። ማቴዎስ የልደቱን ታሪክ ሲጽፍ ሄሮድስ ያስገደላቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት አልዘለለም፤ ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ፣ መጽናናትም እንቢ ስትል እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አለች። ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናቱን የምታስበው ጥር 3 ነው። ከገና ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ልቅሶ ያለበት ቤት ከገና ውጭ አይደለም።

ለልጆቹ ደግሞ አንደኛዋ እህትህ ቤት ዶሮው ይሠራ። ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም እናታችሁ ዘንድ ሂዱ። ጥቁሯን እንደለበሰች ቡና ይፈላ። አባታችሁ ለገና ምን ያደርጉ እንደነበር ልጆቹ ይጠይቋት፤ ካለቀሰች ታልቅስ፣ አትሽሹ። ጎረቤት ምግብ ይዞ ቢመጣ እንዳትመልሱ።

«ቨርጂኒያ ነን። ልጆቼ ዲሴምበር 25 ስጦታ ይፈልጋሉ፣ ጃንዋሪ 7 ደግሞ ትምህርት ቤት ናቸው። የእኛ ገና ሊረሳ ነው። ዛፉን አውጥቼ ልጣለው?»

ዛፉ ምን አደረገዎት? ይተዉት። ልጅ የሚያስታውሰው ቤት ውስጥ የተከለከለውን ነው፤ ዛፍ ከጣሉ የሚያስታውሱት የተጣለውን ዛፍ ነው። ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ከአሁኑ ደብዳቤ ጽፈው ለሃይማኖታዊ በዓል ፈቃድ ይጠይቁ። እርስዎም ከሥራ ይቅሩ፤ እናት ሥራ የሄደችበት በዓል ለልጅ በዓል አይሆንም። ማታ ሲወጡ ብርድ ልብስ ይያዙ። ማኅሌቱ መሃል ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ቢወስዳቸው አያፈሩ፤ ስንቶቻችን ነን እንደዚያ ያደግን። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ይስጧቸው፦ አንዱ ጧፍ ይያዝ፣ አንዷ ድፎው ላይ ኮባ ታልብስ። ዲሴምበር 25 ጾም ላይ ስለሚውል የዚያን ቀን ኬክ የጾም ይሁን፤ በዚያው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ወሬው ከዚያ ይጀመራል።

«እህቴ ካበደርኳት ብር የተነሳ ተኳርፈናል። ሁለት ገና አልፏል። ልደውልላት ወይስ እሷ ትደውል?»

ደውዪላት። «ለገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ሜዳ ላይ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢመታ እንኳ ቂም አልነበረም። ጌታችንም መባህን ይዘህ መጥተህ ወንድምህ ቅር እንዳለው ትዝ ካለህ መባውን እዚያው ትተህ ሂድ፣ ታረቅ ነው ያለው። በዳዩ ማን እንደሆነ አላጣራም።

ግን ስለ ብሩ አንድ ቃል እንዳታነሺ፤ ተራው አይደለም። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» በያትና በቃ። ካላነሳች በቴክስት ላኪላት። ሂሳቡን ከጥምቀት በኋላ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ባለበት ታወሩታላችሁ።