መልስ፦ ኮምፓይል ያደረግኩት ፕሮግራም ራስበሪ ፓይ ላይ አልነሳም አለ

ወዳጄ፣ ኡቡንቱ 22.04 በተባለው ሊኑክስ ላይ ለ64 ቢት አርም (የፓይህ ፕሮሰሰር ዓይነት) ኮምፓይል ያደረግከው፣ ማለትም ከኮድ ወደሚሮጥ ፋይል የቀየርከው ፕሮግራም፣ ደቢያን 11 የተባለው ሌላ ሊኑክስ ያለበት ራስበሪ ፓይ (ትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ላይ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ እምቢ አለህ። ኮምፓይለሩ ጤነኛ ነው፤ ደጋግመህ አትጫነው። አርክቴክቸሩንም (የፕሮሰሰሩን ዓይነት) አልሳትክም፤ ስተህ ቢሆን ኖሮ የሚመጣው ሌላ ስህተት ነበር።

ጣጣው ያለው ሲ ላይብረሪው ላይ ነው፤ ጂሊብሲ የሚባለው እሱ ነው፣ ፕሮግራሞች ሲሮጡ የሚጠቀሙበት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ። የኡቡንቱህ ጂሊብሲ 2.35 ነው፣ የፓይህ 2.31። በአሮጌው የተሠራ አዲሱ ላይ ይሮጣል። ግልባጩ ግን አይሆንም። ስለዚህ የምትሠራበትን ማሽን ሳይሆን የቦርዱን (የፓይህን) የጂሊብሲ ቅጂ ተከተል።

እኔ ብሆን ዶከር በተባለው መሣሪያ እንደ ፓይህ ደቢያን 11 የሆነ ኮንቴይነር (ተነጥሎ የሚሠራ አካባቢ) ከፍቼ፣ ክሮስ ጂሲሲውን (ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ፕሮግራም የሚሠራውን ኮምፓይለር) እዚያው በአፕት (በደቢያን ፕሮግራም መጫኛ) እጭናለሁ። ፕሮግራሙ ሌሎች ላይብረሪዎች የሚፈልግ ከሆነም የአርም ቅጂያቸው እዚያው ይግባ።

ማክና ዊንዶውስ ላይም መንገዱ ያው ነው። ማክ ላይ ቱልቼኑን (ኮምፓይለሩንና አጋዥ መሣሪያዎቹን) ራስህ ከሶርስ ኮዱ ልገንባ ካልክ ግን (እኔ ሞክሬ ሁለት ቀን በልቶብኛል) ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለየው ፋይል ሲስተም ያስለቅስሃል። ዊንዶውስ ላይ ኮዱን ከሲ ድራይቭ አውጥተህ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ውስጥ አስቀምጠው፤ አለዚያ ቢልዱ (ፕሮግራሙን ኮምፓይል ማድረጉ) ይንቀራፈፋል።