ከሰዓት ልጆቼ የት ይዋሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ወንዱ ልጄ 13፣ ሴቷ ደሞ 11 አመቷ ነው። ሁለቱም የጠዋት ፈረቃ ስለሆኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ይገባሉ፣ ከዛ በኋላ እኔ እስከ ማታ ሱቅ ነኝ፣ አባታቸው ደሞ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንዴም ላይመጣ ይችላል። ወንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የሚውለው፣ ባለፈው ሳምንት ግን የሰፈር ትላልቅ ልጆች በርጫ ላይ ጫት ሲቅሙ ተቀምጠው እሱ ውሃና ለስላሳ ሲያመላልስላቸው አገኘሁትና ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሴቷ ዝም ብላ ቤት ነች። ኮምፒውተርና ቴኳንዶ ላስመዝግብ ብዬ ስጠይቅ ለሁለቱ በወር ከ3 ሺ ብር በላይ አሉኝ፣ የኔ አቅም ደሞ ቢበዛ 400 ብር ነው። ምን ላርግ? የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቶሎ አይተሽዋል፣ ገና ምንም አልረፈደም። ተቆጥተሽውም ይሆናል፣ እናት ነሽ አልፈርድብሽም። ግን አንድ ነገር አስቢልኝ፣ የ13 አመት ልጅ ትላልቆቹ ጋ የሚሄደው ጫቱን ፈልጎ ብቻ አይደለም፣ እዛ የሚጠራው ሰው አለ፣ "ወሪያ ና እስቲ ውሃ አምጣ" ይሉታል፣ ይላካል፣ ይመሰገናል፣ ቢቀር ደሞ "ያ ልጅ የት ጠፋ" ይባላል። ቤት ግን ሲገባ ማንም የለም። ስለዚህ እኔ ኮርስ ፈልጊ አልልሽም፣ ልጁ አንድ ቀን ሲቀር "የት ቀረህ?" የሚለው ሰው ያለበት ቦታ ፈልጊ ነው የምልሽ። አስተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ብዙ ተከፍሎላቸው በሁለተኛው ወር የተዉ ልጆች አሉ፣ በነፃ ሆኖ የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ብቻ ሶስት አራት አመት የቆዩም አሉ።

ለወንዱ ከደቻቱ ልጀምር፣ ከተማችንን አቋርጦ ከሚያልፈው የወንዝ አሸዋ። አንድ ቀን ሱቅሽን ለሰው አደራ ብለሽ 11 ሰዓት ላይ ውረጂና አሸዋውን እዪ። ድንጋይ ደርድረው ጎል ሰርተው የሚጫወቱ ልጆች ታያለሽ፣ እሱም ጥሩ ነው ግን አንቺ የምትፈልጊው ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። በየሰፈሩ የታዳጊ ፕሮጀክት የሚባለው እሱ ነው። እኔ የማውቀው አንድ አሰልጣኝ ኳሶቹን በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ ልጆቹን ያሰልፍና ከአንድ የተቀዳደደ ደብተር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ካለ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ያከብበታል፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ከቀረ ማታ ላይ ልጁ ቤት በር ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ወላጅ የሚያዋጣው ለኳስና ለማልያ የሚሆን ትንሽ ነገር ነው፣ የሌለው አያዋጣም። እንደዚህ አይነት ሰው ሳቢያንም አይጠፋም፣ የትምህርት ቤታቸውን የስፖርት አስተማሪ ጠይቂ፣ ማን የት እንደሚያሰለጥን እነሱ ያውቃሉ። የአለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 አመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ነው የሚለው፣ ለሱ ደሞ አሸዋና ኳስ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ደቻቱ ግን በጣም የምጠነቀቀው ነገር አለኝ። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፣ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ዝናቡ እኛ ጋ ሳይጥል ደጋው ላይ ጥሎ ውሃው እዚህ ይደርሳል፣ ልጆቹ ደሞ ሰማዩ እላያቸው ላይ ጥርት ስላለ ምንም የለም ብለው ይጫወታሉ። በክረምትም በበልግም ወደ ደጋው፣ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ከአሸዋው ውጣ፣ ኳሱን ትተህም ቢሆን ውጣ ብለሽ አስተምሪው። አሰልጣኙንም ፊት ለፊት ጠይቂው፣ ዳመና ሲታይ ልጆቹን ምን ታደርጋቸዋለህ በይው። መልስ ከሌለው ሌላ አሰልጣኝ ፈልጊ።

ሰዓቱንም አስቢበት። ድሬ ላይ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅን ሜዳ ማውጣት ማሰቃየት ነው። ከሰባት እስከ አስር ያለው ጥላ ውስጥ የሚሰራ ነገር ይሁን፣ የቤት ስራ፣ ንባብ፣ ወጣት ማዕከል። ወጣት ማዕከል ስልሽ ግን ራስሽ ሄደሽ ሳታዪ እንዳትልኪ፣ አንዳንዱ መፅሐፍና የጠረጴዛ ቴኒስ ያለው ጥሩ ቦታ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ግን ትላልቆቹ ፑልና ጆተኒውን ይዘውት ለልጅ የሚሆን ወንበር እንኳን የለም፣ እሱማ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ በምን ተሻለ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ገንዘብሽን ለሱ አታውጪ። ስክራች የሚባል ከ8 እስከ 16 አመት ላሉ ልጆች የተሰራ ፕሮግራም አለ፣ በነፃ ነው፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፣ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ደሞ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። ልጁ ፕሌይስቴሽን የሚወድ ከሆነ በስክራች ራሱ ጌም መስራት ይችላል እኮ! ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ካለው የአይሲቲ አስተማሪውን በሳምንት አንድ ቀን ለጥቂት ልጆች ክፍሉን እንዲከፍትላቸው ሶስት አራት ወላጅ ሆናችሁ ለምኑት፣ አንድ ወላጅ ሲጠይቅና አራት ሲጠይቅ አንድ አይደለም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊየን ኮደሮች የሚባለው የኮምፒውተር ስልጠናም ነፃ ነው፣ ግን እንግሊዝኛውም ትምህርቱም ለ13 አመት ልጅ ይከብዳል፣ ለታላላቆቹ ነው የሚሆነው።

አሁን ስለ ሴቷ። "ዝም ብላ ቤት ነች" ብለሽ በአንድ አረፍተ ነገር አለፍሻት፣ እኔን ደሞ ከወንዱ እኩል ያሳሰበችኝ እሷ ነች። ቤት ያለች ልጅ ደህና ነች ብለን እንረሳታለን። መጀመሪያ ራሷን ጠይቂያት፣ ኳስ ካለች ኳስ ትሂድ፣ ፕሮጀክቶቹ ውስጥ ሴቶች አሉ። የሳር ስፌት፣ የሙዳይ ስራ ከወደደች ግን እድለኛ ናችሁ፣ በኛ አካባቢ በየጊቢው እጃቸው ወርቅ የሆነ እናቶች አሉ። ጎረቤቴ ያሉ አንድ እናት ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ሶስት ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ፣ ስንደዶው እንዲለሰልስ ውሃ ይነካዋል፣ ወስፌው ይገባል፣ ቀዩና አረንጓዴው አለላ ተራውን ጠብቆ ይዞራል፣ ልጅቷ ከተሳሳተች ያለ ቁጣ ይፈቱትና "እንደገና" ይሏታል። አንዷ የ12 አመት ልጅ ለመጀመሪያዋ ሙዳይ ሁለት ወር ፈጅታባታለች፣ ስትጨርስ ለእናቷ ስትሰጣት እኔ እዛው ነበርኩ፣ እናትየው ምንም መናገር አልቻለችም። ወጪው ሳርና ቀለም ነው። ለሴትየዋ ደሞ ገንዘብ ባይኖርሽ ስኳርና ቡና ይዘሽ ሂጂ።

የቀይ መስቀል ክበብ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ካለ ሁለቱንም አስገቢያቸው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩበታል፣ ጎርፍ የሚያውቅ ከተማ ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መንፈሳዊ ትምህርቱንም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሁን መድረሳ፣ አትናቂው፣ እዛ የቀረን ልጅ የሚጠይቅ አለ።

400 ብሯን እንዲህ ብታወጪያት ደስ ይለኛል፣ የመጀመሪያው ወር ለወንዱ ጫማ ማሟያ፣ ሁለተኛው ለሴቷ ሳርና ወስፌ፣ ከዛ ወዲያ እሁድ እሁድ ሳይክል ተከራዪላቸው፣ ድሬ ሜዳ ነች፣ ጠዋት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ሁለቱ አብረው ይንዱ። የትም ከመላክሽ በፊት ግን አንድ ቀን ሳትነግሪያቸው ሄደሽ ቁጭ ብለሽ እዪ። ልጅን ለብቻው ቤቱ የሚጠራ ወይም ወላጅ ሲመጣ የማይወድ አሰልጣኝ ካለ በነፃም ቢሆን ይቅር።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምፅፈው፣ ሸንኮር። ልጄ 15 አመቷ ነው፣ ከስልኳ ላይ አትነሳም፣ ስቀማት ታለቅሳለች ስመልስላት ትጠፋለች። ብር የማያስወጣ ምን ነገር አለ? አባት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቀማት፣ ስልኩን ስራ ስጠው። አቦ ሐረር ተቀምጠህ ምን ታጣለህ! ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ በ1998 የአለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፣ ልጅህ ግን አምስቱንም በሮች በእግሯ ዞራ ታውቃለች? ቅዳሜ ጠዋት አብረሃት ዙር። ከዛ የራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ውሰዳት፣ የድሮ ሐረርን የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ፣ አንዱን ትምረጥና ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፈልጋ እዛው ቆማ የዛሬውን በስልኳ ታንሳ። አንድ ቦታ ለማግኘት ሽማግሌ መጠየቅ አለባት፣ ሽማግሌው ደሞ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ አስር ነው የሚመልሰው፣ እሱንም ድምፁን ትቅረፅ። አስር ፎቶ ሲሞላት የታሪክ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ እንድታሳይ ቀን እንዲሰጣት አንተ ቀድመህ አናግረው፣ ቀኑ ከታወቀ ለቅዳሜው ራሷ ትቀሰቅስሃለች።