«ያወቅኩትን መናገር ጉራ ነው?»

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የ27 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ኤሌክትሪሻን። ጅማ ውስጥ አንድ ቡና መቀሸሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ኅዳር የኤሌቬተሩ ሞተር ሽቦው እንደ አዲስ ተጠምጥሞ ተመለሰና ተገጠመ። ሲነሣ ጀንፈሉን (ያልተቀሸረውን ደረቅ ቡና) ወደ ላይ ማውጣቱን ትቶ ወደ ኋላ ይዞራል። ፎርማናችን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ሰንሰለቱን አስፈትቶ ሁለት ሰዓት ሲታገል ደረስኩ። ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዝ) ሁለቱን አለዋወጥኩ፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ይቺን ለማወቅ ሃያ ዓመት አይጠይቅም» አልኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፎርማኑ አያናግረኝም፤ ሌሎቹም «ጉረኛው» ይሉኛል። እኔ የተናገርኩት እውነቱን ነው። እሱ እኮ እስካሁን ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር የሚያዳምጥ ሰው ነው። ማወቅ ጥፋት ሆነ እንዴ?

ከሄርማታ፣ ጅማ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። በሁለተኛው ራሴን አየሁበትና ሳቄ ቆመ።

ፌዙ ላይ ልክ ነህ። ከሦስቱ የፈለግከውን ሁለቱን ብታለዋውጥ ሞተሩ አዟዟሩን ይገለብጣል። ይህን አውቀህ «እስቲ እኔ ልየው» ብትል ማንም ጉረኛ ሊልህ አይገባም። እኛ አገር የሚያውቅ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ምን አውቃለሁ» ሲል ደስ ይለናል። እኔን ግን አይመቸኝም። ጨዋ ልጅ እያወቀ ዝም ብሎ ማሽን ሲቃጠል አይቻለሁ።

ቀጥለህ ያልካት ነገር ናት ያጣላችህ። ሞተሩ ተስተካክሎ አልቋል፤ ሰንሰለቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ታዲያ ያቺ ንግግር ምን ልትጠግን ነበር?

እኔ በአንተ ዕድሜ ሞተር ጠምጣሚ ነበርኩ፤ መርካቶ። (የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው እንዳይሳሳት።) ያኔ ሞተር አቃጥሎ እኔ ጋ ያልመጣ ወፍጮ ቤት አልነበረም ብል ጉራ ይመስልብኛል፤ ትንሽም ነው። አንድ ጥር ላይ፣ ቡናው ግቢውን ሞልቶት፣ አንድ መቀሸሪያ ቤት ጠራኝ። ሞተሩ ይነሣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ መብራት የሚቆርጠው መከላከያ) ይቆርጠዋል። ቢመልሱት ያው ነው። ዘበኛው፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ድምፁ ተለውጧል፤ ያጉረመርማል» አሉኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። «አባባ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁ» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው። ኦቨርሎዱ ነው የተበላሸው ብዬ ፈረድኩ። የሚቆርጥበትን ልክ በካቻቢቴ ከ16 አምፔር ወደ 22 ከፍ አደረግኩትና ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

ማታውኑ ሞተሩ ጨሰ።

ሲፈታ የኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው ማብሪያ) አንድ ነጥብ ተቃጥሎ ኖሯል። አንዱ ፌዝ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ባለሦስት ፌዝ ሞተር በሁለት ሲቀር ያጉረመርማል፤ ሁለቱ መስመሮች ከልክ በላይ ይስባሉ፤ ሽቦው ይግላል፣ ከዚያ ይነዳል። ኦቨርሎዱ ሲቆርጥ የነበረው ለዚሁ ነው። ሥራውን እየሠራ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። በሦስቱ ገመዶች ላይ ተራ በተራ ክላምፕ ሜትር (ገመዱ የሚስበውን አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ባደርግ አንዱ ምንም እንደማይስብ ወዲያው አየው ነበር። ክላምፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ ምክንያቱም የማውቅ ሰው ነኛ!

ሞተሩን በነፃ ጠምጥሜ መለስኩ። የመዳብ ሽቦው የወር ገቢዬን በላው። እሱስ ተረሳ። ዘበኛው ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር በክብር ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ማሽን ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ ብለውልኝ አያውቁም። አየህ፣ ሰው አንዴ ከተዋረደ ያየውን አይነግርህም። ባለሙያ ደግሞ ግማሽ ሥራው የሚሠራው ሌላው በሚነግረው ነው። ሌሊቱን ማሽኑ አጠገብ የሚያድረው አንተ አይደለህማ።

ነገሩ የመቀሸሪያ ቤት ብቻ እንዳይመስልህ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጉም ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ሳይፈቀድለት የተነሣው የኬ.ኤል.ኤም. (የሆላንድ አየር መንገድ) ካፒቴን በአየር መንገዱ ሌሎች አብራሪዎችን በዚያው አውሮፕላን የሚያሠለጥን የተከበረ ሰው ነበር። እየተንደረደሩ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ዛሬ አብራሪዎች ታናሹ እንዲናገር፣ ታላቁ እንዲሰማ የሚሠለጥኑት እንዲህ ካሉ አደጋዎች በኋላ ነው። ካፒቴኑ ሙያ አላነሰውም፤ ጥያቄው ሲመጣ ግን ቆም ብሎ አላጣራም።

ስለዚህ አንተም ራስህን መፈተን ከፈለግክ፣ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ሲልህ እጅህ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ወደ ቴስተሩ ከሄደ ደህና ነህ። ወደ ዲፕሎማህ ከሄደ እኔን መስለሃል።

አሁን ወደ ካቻቢቴው ልምጣ፤ ደብዳቤህ ላይ ያናደደኝ እሱ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት) ያለበት ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ የድሮ ሰው ቀልድ አይደለም። ኩሽኔታ ማለቅ ሲጀምር ብረቱ ውስጥ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ድምፅ አለው። ያንተ ቴስተር ያኔ ምንም አያሳይህም። ፎርማንህ ከብረት ጋር የኖረ ሰው ነው፤ አንተ ከሽቦ ጋር። እሱ ፌዙን ሳተ፤ አንተም ኩሽኔታውን ትስታለህ።

ይቅርታውን አታርዝመው። ሳቁ በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን፤ «ጋሼ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» በቂ ነው። ከዚያ ካቻቢቴውን ለምነውና አንዱን ደህና፣ አንዱን ያረጀ ሞተር ያስማህ። ስታጎነብስ እጅጌህን ሰብስብ፤ የሚዞረው የማሽኑ ቀበቶ ቅርብ ነው።