በአባትሽ የቡና መሬት ላይ እንግዳ ከመጥራትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ዞን፣ ማና ውስጥ ከአባትሽ የወረስሽው የቡና መሬት አለ። ከአዲስ አበባና ከጅማ ከተማ ሃያ ሃያ ሰው እየጠራሽ፣ ሦስት ቀን እንዲያርፉና ስለ ቡና እንዲማሩ፣ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልንና ኢሬቻንም አብረው እንዲያከብሩ ታስቢያለሽ። «መጀመሪያ ቤት ልሥራ ወይስ ላስተዋውቅ?» ብለሻል።

ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ እድር ግቢ።

እኔ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሰቃ ጨቆርሳ በኩል፣ በቤተሰቤ መሬት ላይ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በዚሁ ነው። መስከረም 16 ቀን ማታ ሠላሳ እንግዳ ጠርቼ ደመራ አስለኮስኩ። በሬም አሳርጄ ነበር። ለጎረቤት ግን አልተናገርኩም። እሳቱ ከፍ ሲል ከታች ካለው መንደር ሰው እየሮጠ መጣ። ጄሪካን ውሃ የተሸከመ አለ፣ ለማጥፊያ እርጥብ ቅጠል የያዘ አለ። ቤታችን የተቃጠለ መስሏቸው ነው። አንድ አዛውንት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ልጄ፣ ሰው ተረፈ?» አሉኝ።

ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ገቡም። ግን የማበላቸው አልነበረኝም። ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፣ በሬው የታረደው በክርስቲያን እጅ ነው። ቡና ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። እሳት ሊያጠፉልኝ የሮጡ ሰዎች ከቤቴ ሳይበሉ ወጡ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀጣዩን ዓመት እንግዳ አልጠራሁም። እድር ገባሁ። ለቅሶ ደረስኩ። ለቡና ለቀማ ደቦ ሲጠራ ወጣሁ። ለአረፋ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ቤት ለቤት ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ትልልቁ ድስትም የእድሩ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀበር የሚያወጡት የእድሩ ልጆች ናቸው። ያ አዛውንት ደግሞ በየዓመቱ ለደመራው የሚሆን እንጨት ከራሳቸው ማሳ ይልኩልኛል። እኔም ካህን መጥቶ ሳይባርከው አላስለኩስም፣ ቀኑንና ሰዓቱንም አስቀድሜ ለመንደሩ እናገራለሁ።

ስለ ምግብ ይህን አጥብቀሽ ያዢ። ሥጋ ካለ ማድቤቱ ሁለት ይሁን። የሙስሊሙን በግ ሙስሊም ይረድ። ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ። «ለየብቻ ነው» ብለሽ በቃልሽ ብቻ አትለፊው፣ ሄደው እንዲያዩት አድርጊ። አንድ ላይ ለመብላት የሚመቸው የጾም ምግብ ነው። ቡና ለቀማው ሲሞቅ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ከክርስቲያን እንግዶችሽ ብዙዎቹ ጾመኛ ናቸው ማለት ነው። በዚያ ወቅት እኔ ሥጋ የሚባል ነገር አላስገባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በቆጮ ይቀርባል። ከአንድ ድስት ለሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም አንድ መሶብ ይከባል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፣ ስለዚህ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት ተመልከቺው። የምታግዝሽ ሴት ጾማ እየዋለች አፍጥር ሰዓት ላይ ያንቺን ወጥ ልታማስል አይገባም።

የቡናውን ሥልጠና የማደርገው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ብዙ ሰው ቀኑ ላይ ይሳሳታል። በፀሐይ የሚደርቅ እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ እንግዳሽ ያለው ግን ሦስት ቀን ነው። ዓርብ የለቀመውን እሑድ ሊጠጣው አይችልም። ስለዚህ ሦስት አልጋ አዘጋጃለሁ። አንደኛው ባዶ ነው፣ እነሱ የለቀሙት ይሰጣበታል። ሁለተኛው ላይ ሳምንት የሞላው አለ። ሦስተኛው ላይ ያለው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና ሆኗል፣ ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። እሱን ሙቀጫ ውስጥ ይወቅጣሉ፣ ያበጥራሉ፣ ይቆላሉ። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ተለቅሞ የሚወጣው ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ጠዋት ሙሉ ቀይ ቀዩን እየመረጠ የለቀመ ሰው ይህን ሲሰማ ቅርጫቱን ደግሞ ያየዋል። ያቺን ቅጽበት በጣም ነው የምወዳት።

አስተማሪ ከከተማ አታምጪ። ከልጅነቷ ጀምሮ የለቀመች ጎረቤት አለችሽ። አንድ ፍሬ በጣቷ ጫን አድርጋ መድረስ አለመድረሱን ትነግርሻለች። በአፋን ኦሮሞ ታስረዳ፣ የሚያስተረጉም ወጣት ከጎኗ ይቁም። የምትከፍያትም የአስተማሪ ክፍያ ይሁን፣ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ እንዳታደርጊው።

ኢሬቻን ግን እባክሽ ከፕሮግራምሽ አውጪው። ክረምቱን ላሻገረ ዋቃ ምስጋና የሚቀርብበት የሕዝብ ቀን ነው። እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ፣ በአባቶች ምርቃት ወደ ውሃ ይወረዳል። በክፍያ ለመጣ ሃያ ሰው ግቢ ውስጥ የሚዘጋጅ አይደለም። መሄድ የሚፈልግ እንግዳ ካለሽ፣ የሚሄድ ሰው ፈልጊና አስፈቅደሽ አብሮ ይውረድ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይክተት።

እንቁጣጣሽንም ቢሆን ለአዳር አትጥሪበት። መስከረም 1 ቀን የእኛ ቀይ አፈር ገና አልጠጠረም። በቀን መጥተው በቀን ይመለሱ። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ደግሞ ጨርሶ አትሞክሪው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርሽ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር አስቢ። ለሃያ ሰው ሦስት ቀን 900 ሊትር ነው፣ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃሻል። የሚጠጣውን አፍልተሽ አቅርቢ። መጸዳጃው ለሴትና ለወንድ ለየብቻ ይሁን፣ ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቁልቁለት ከሆነም ከጉድጓዱ በታች ይቆፈር። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ስለሚበረታ ለእያንዳንዱ ፍራሽ አጎበር ስቀዪ። ሰው ከማሳደርሽ በፊት ለቀበሌው የእንግዶቹን ብዛትና ቀኑን በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቅጂውንም ያዢ።

ለቤት ያሰብሽውን ገንዘብ ለጊዜው አትንኪው። እኔ እንደገና እንግዳ መጥራት ከጀመርኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራሁት በእድሩ ድንኳን ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ማና ስትወጪ የአባትሽን እድር ዳኛ ፈልጊ። ስኳር ይዘሽ ሂጂ። አባትሽ ሲያርፉ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ማን መቃብር እንደቆፈረ ጠይቂያቸውና እነዚያ ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ግቢ። ስለ እንግዳው ነገር በዚያ ቀን ምንም አታንሺ።